ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የሚቀሰቅስሽ ሙቀት

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ48 ዓመት ሴት ነኝ። ባሕር ዳር ውስጥ አራተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ባለትዳርና የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ትልቋ ልጄ ቤሩት ናት፤ ስልኳ ሲጠፋ እንቅልፍ የለኝም። ሁለተኛዋ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። ትንሹ ስድስተኛ ክፍል ነው። የባለቤቴ እናት ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ እኛ ጋ ናቸው። የማነሳቸውም የማጥባቸውም እኔ ነኝ።

ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ፣ የወር አበባዬ ልኩን ስቷል። ሁለት ወር ይጠፋና ሲመጣ ያጥለቀልቀኛል። ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ከደረቴ የሚነሳ ወላፈን ፊቴን ይመታኛል። ጋውኔ በላብ ይርሳል። ልጆቹ ‹ቲቸር፣ አሞዎታል?› ይሉኛል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልቤ እየመታ እነቃለሁ። ብርድ ልብሱን ስገፈው ባለቤቴ ‹ብርድ አስመታሽኝ› ይላል። አሁን ሳሎን መተኛት ጀምሯል። ባለፈው ልጄ ሽሮ ስላሳረረች ጮህኩባትና ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። የተማሪዎቼ ስም ይጠፋብኛል። አንዷ ጎረቤቴ ‹ምች ነው› ብላ ዳማከሴ አሸተተችኝ። ሌላዋ ‹ወይባ ሙቂ› አለችኝ። ሦስተኛዋ ‹ደም ብዛት ነው› ብላ የራሷን ኒፈዲፒን ሰጠችኝ። አሥር ቀን ወሰድኩት፤ ጭራሽ ባሰብኝ። ማኅበርም እድርም መሄድ ትቻለሁ። እያበድኩ ይሆን? ለባለቤቴስ ምን ብዬ ልንገረው?»

መምህርቷ፣ ከባሕር ዳር

እህቴ፣ እያበድሽ አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልበልሽ። 30 ዓመት አዋላጅ ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። የጻፍሽልኝን ሁሉ፣ የረሰረሰውን ልብስም፣ ጓዳ ገብቶ ማልቀሱንም፣ ከብዙ ሴቶች አፍ ሰምቼዋለሁ። በራሴም አይቼዋለሁ።

የሚያስቸኩለኝ ግን ኪኒኑ ነው። ኒፈዲፒን የደም ሥርን እያሰፋ የደም ግፊት የሚቀንስ መድኃኒት ነው። የደም ሥር ሲሰፋ ፊት ይግላል፣ ራስ ያማል፣ ልብ ይመታል። እነዚህ የታወቁ የጎንዮሽ ጉዳቶቹ ናቸው። ስለዚህ «ጭራሽ ባሰብኝ» ማለትሽ አይገርመኝም። ጎረቤትሽ ክፉ አስባ አይደለም። ግን ያ መድኃኒት ለእሷ ሕመም፣ በእሷ ልክ የታዘዘ ነው። የሰው ኪኒን ሁለተኛ አትዋጪ። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሂጂና ግፊትሽን ተለኪ። ምን እንደወሰድሽ፣ ስንት ቀን እንደወሰድሽም ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ምናልባት እውነትም ግፊት ይኖርብሽ ይሆናል፤ በ48 ዓመት ብርቅ አይደለም። ካለብሽ የራስሽን መድኃኒት ያዙልሻል።

ወይባውንም ለጊዜው ተይው። ሰውነትሽ ራሱ እሳት እያነደደ ጭስና ሙቀት መጨመር ምን ያደርግልሻል? ዳማከሴው ሽታው ደስ ይላል፤ ማሽተቱ አይጎዳሽም። ምች ግን አይደለም።

የጻፍሽው ሁሉ የማረጥ መዳረሻ ይመስላል። አረጠች የሚባለው የወር አበባ 12 ወር ሙሉ ሳይታይ ሲቀር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ላይ ይመጣል። ከዚያ በፊት ግን የመሸጋገሪያ ጊዜ አለ። አራት ዓመት ገደማ ሊቆይ ይችላል፣ ለአንዳንዷም ከዚያ ይረዝማል። ብዙ ሴት የምትሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «የወር አበባዬ ገና ይመጣል፣ ስለዚህ ማረጥ አይደለም» ትላለች። መከራው ግን ደሙ ከመቆሙ በፊት ነው የሚጀምረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦቫሪዎቻችን፣ እንቁላል የሚያመነጩት የሴት ዕጢዎች፣ ኢስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን እንደ ድሮው በልኩ ማመንጨት ያቆማሉ። አንድ ወር ይበዛል፣ ሌላ ወር ይወርዳል። አንጎል ውስጥ ደግሞ የሰውነትን ሙቀት የሚጠብቅ ቦታ አለ፤ ሃይፖታላመስ ይሉታል። ኢስትሮጅን ሲጎድልበት ይህ ዘበኛ ይደነብራል። ቅጠል በወደቀ ቁጥር እንደሚጮህ የግቢ ውሻ አስቢው። ሙቀትሽ ትንሽ ከፍ ባለ ቁጥር «ተቃጠለች!» ብሎ ይጮሃል። የቆዳሽ የደም ሥሮች ይከፈታሉ፣ ላብ ይወርዳል፣ ልብ ይሮጣል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይሄዳል። ከኋላው ብርድ ብርድ ይልሻል። ከአራት ሴቶች ሦስቱ ገደማ ይህን ሙቀት ያዩታል። እድርሽ ውስጥ ካሉት ስንቶቹ በዝምታ እንደሚያልባቸው አስቢ።

መርሳቱም የዚሁ አካል ነው። የስም መጥፋት፣ ቃል አፍ ላይ መቆም፣ ጓዳ ገብቶ ለምን እንደገቡ መርሳት በዚህ ጊዜ የተለመደ ነው። እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ደግሞ ይብስበታል። ለአብዛኞቹ ሴቶች ሽግግሩ ካለፈ በኋላ ይሻላል። የመዘንጋት በሽታ ጀመረኝ ብለሽ አትሸበሪ።

ስንት ጊዜ ይቆያል? እውነቱን ልንገርሽ። አሜሪካ ውስጥ ሴቶችን ለዓመታት የተከታተለ ትልቅ ጥናት ላይ፣ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ የሚመላለስባቸው ሴቶች መካከለኛ ቆይታ ከሰባት ዓመት በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ሁሌ በዚህ ብርታት አይደለም፤ እየቀነሰ ይሄዳል። ይህን የምነግርሽ ላስደነግጥሽ ብዬ አይደለም። «ትንሽ ታገሺ፣ ያልፋል» የሚሉሽን እንዳትሰሚ ብዬ ነው። ሰባት ዓመት በትዕግሥት ብቻ የሚገፋ አይደለም። መፍትሔ እያለ ለምን?

ማረጥ የሚለው ቃል ራሱ ይከብዳል፤ አውቃለሁ። «አርጣለች» ሲባል ዘመኗ እንዳለፈ ይሰማል። ስድብ የሚያደርጉትም አሉ። እናቶቻችን ዝም ያሉት ለዚህ ይመስለኛል። ልጅ ሆኜ እናቴ በእኩለ ሌሊት ነጠላዋን ጥላ ግቢ ውስጥ በባዶ እግሯ ትቆም ነበር። እኛ ጸሎት ላይ ናት ብለን ድምፃችንን እናጠፋለን። የገባኝ እኔ ራሴ በ50 ዓመቴ፣ ሌሊት በር ከፍቼ ስወጣ ነው። ያን ጊዜ እሷ በሕይወት አልነበረችም። ስንት ሴት ያዋለድኩ ሰው፣ የራሴ ሰውነት ሲለወጥ ደንግጬ ነበር። እናቴ አንድ ቃል ብትነግረኝ ኖሮ ያን ያህል አልደነግጥም። ላንቺ ይህን ሁሉ የምጽፈው ለዚያ ነው።

ጤና ጣቢያ ስትሄጂ «ሙቀት አለብኝ» ብቻ ብለሽ አትመለሺ። የወር አበባሽ እንዴት እንደተዛባ ቀኑን ጽፈሽ ያዢ። ከ45 ዓመት በላይ ለሆነችና እንዳንቺ ምልክቱ ግልጽ ለሆነላት ሴት፣ የሆርሞን የደም ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። በዚህ ዕድሜ ሆርሞኑ ከሳምንት ሳምንት ስለሚዋዥቅ ውጤቱ ብዙ አይናገርም። ገንዘብሽን ለሚጠቅመው አውይው። የሚጠቅመው የደም ማነስ ምርመራ ነው። «ያጥለቀልቀኛል» ብለሻልና። ሞዴስ በየሰዓቱ የምትቀይሪ ከሆነ፣ የረጋ ደም ከወጣ ወይም ከሰባት ቀን በላይ ከቆየ አሳሳቢ ነው። ማዮማ የሚባለው የማህፀን እጢ በዚህ ዕድሜ ብዙ ሴት ላይ ይገኛል። ድካምሽና የልብ ምትሽ ግማሹ ከደም ማነስ ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ በቀላሉ ይታከማል።

ሌላም አለ። ሌሊት ማላብ ሁሉ ማረጥ አይደለም። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል፣ ማታ ማታ ትኩሳትና መክሳት ካለ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያስፈልጋል። እየበሉ መክሳት፣ የእጅ መንቀጥቀጥና የአንገት እብጠት ካለ ደግሞ የእንቅርት ዕጢ፣ ታይሮይድ የሚሉት፣ ይታያል። ስኳርሽንም አብረው ያዩልሻል። እግረ መንገድሽን የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ጠይቂ። በአገራችን ጤና ጣቢያዎች ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች የሚሰጥ ነው። ያንቺ ጊዜ ሊያልፍ አንድ ዓመት ነው የቀረው። ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፤ አታሳልፊው።

አንድ ነገር ደግሞ በልብሽ ያዢ። ዓመት ሙሉ ደም ጠፍቶ ቆይቶ፣ ከዚያ በኋላ ጠብታ እንኳ ብታዪ፣ «የወር አበባዬ ተመለሰ» ብለሽ ደስ እንዳይልሽ። በዚያው ሳምንት ሐኪም ጋ ሂጂ። ብዙ ጊዜ ቀላል ምክንያት ይገኝለታል። የማህፀን ካንሰር ሲሆን ግን የመጀመሪያ ምልክቱ ያ ነው። በጊዜ ከተደረሰበት ብዙውን ጊዜ ይድናል።

እርግዝናም ገና አላለፈሽም። ከ50 ዓመት በታች የሆነች ሴት የመጨረሻ የወር አበባዋን ካየች በኋላ ሁለት ዓመት መከላከሏ ይመከራል፤ ከ50 በላይ ከሆነች አንድ ዓመት። የሦስት ወር መርፌ የሚወጉ እህቶች ይህን ልብ በሉ፤ መርፌው ራሱ የወር አበባን ስለሚያጠፋ መቼ እንዳረጣችሁ አታውቁም። አጥንትንም ያሳሳል። ከ45 ዓመት በኋላ ሌላ መከላከያ ይሻል እንደሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ወደ ሙቀቱ ልመለስ። ባሕር ዳር በሚያዝያ ምን እንደምትመስል አውቃለሁ። ጋውንሽ ፖሊስተር ከሆነ ላቡን አያሳልፍም። ከቻልሽ የጥጥ አሰፊ፤ ካልሆነም ከሥሩ አንድ ስስ የጥጥ ልብስ ብቻ ይኑር። ሹራብ አትደርቢ። የውሃ ኮዳና ንጹሕ መሐረብ ጠረጴዛሽ ላይ አይጥፉ። በመስኮቱ በኩል ቁሚ። ወላፈኑ ሲመጣ ጠመኔውን አስቀምጪ፣ ልጆቹን «ደብተራችሁ ላይ ገልብጡ» በያቸው፣ ቀስ ብለሽ በአፍንጫሽ ተንፍሺ። ትንፋሹ ሙቀቱን ላያጠፋው ይችላል። ድንጋጤውን ግን ያበርደዋል። ግማሹ ሥቃይ «አሁን ሁሉም አየኝ» የሚለው ድንጋጤ ነው። ልጆቹ ሲጠይቁሽ «ሞቆኝ ነው፣ ያልፋል» በያቸው። እውነት ነው፤ ሌላ ምንም ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።

ቡናሽን አልነጥቅሽም። ግን ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ተቀምጠሽ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለሽ ስትነሺ፣ ማታ አራት ሰዓት ላይ የቡናው ግማሽ ገደማ ገና ደምሽ ውስጥ አለ። ቡናሽን ጠዋት አድርጊው። የከሰሉ ፍምና የቡናው እንፋሎትም ፊት ለፊት ሲያገኝሽ ሙቀቱን ይቀሰቅሰዋል። ቆልታ የምታፈላ ልጅ ካለች እሷ ትቁላው፤ አንቺ በር ጋ ተቀመጪ። ማታ ማታ ቃሪያና በርበሬ የበዛበት ወጥ፣ ጠላና ጠጅም አንዳንዷን ያነሳሱባታል። አንቺን የቱ እንደሚያነሳሳብሽ በአንድ ደብተር ላይ ለሁለት ሳምንት መዝግቢ። ያለ ጥፋቱ ሁሉንም መከልከል አያስፈልግም። ተልባ ጠጪ የሚሉሽ ይኖራሉ። ለሆድሽ ጥሩ ነው፤ ሙቀቱን ያቆማል ብዬ ግን አልዋሽሽም።

ጿሚ ከሆንሽ ደግሞ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውሃ ሆኖ በዚያ ላይ ላብ ሲወርድ ራስ ያዞራል። ነገሩን ለነፍስ አባትሽ ግለጪላቸው። ሕመም ላለበት ሰው ቤተ ክርስቲያናችን መንገድ አላት። ደፍረሽ ጠይቂ።

መኝታችሁን በአንድ ነገር ብቻ ማስተካከል ትችያለሽ፤ ሁለት የተለያየ ልብስ። እሱ ጋቢውን ወይም ብርድ ልብሱን ለብቻው ይልበስ። አንቺ የጥጥ አንሶላ ብቻ ይኑርሽ፤ ሲበርድሽ የምትስቢው ስስ ነጠላ አጠገብሽ ይሁን። አንዱ ሲገፍ ሌላው አይበርደውም። ሳሎን የሄደው በብርዱ ከሆነ ይመለሳል።

አሁን ወደ ከባዱ። ደብዳቤሽን ሳነብ በጣም ያሳሰበኝ ሙቀቱ አይደለም። ተከታተይኝ። ቤሩት ያለች ልጅ። ፈተና የደረሰባት ልጅ። ገና እናቱን የሚፈልግ ትንሽ ልጅ። አልጋ ላይ ያሉ አማት። አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ። በዚህ ላይ የኑሮው ውድነት። እንቅልፍ የለም። እና ሽሮ ስላረረ ጮህሽ! እህቴ፣ ቁጣሽ ሁሉ ከሆርሞን አይደለም። ሆርሞኑ ክዳኑን አንሥቶታል፤ ድስቱ ውስጥ ያለው ግን እውነተኛ ሸክም ነው። «ዕድሜዋ ነው» ብለው ሁሉን በማረጥ ላይ የሚደፉት ሰዎች ተሳስተዋል። አንቺም እንዳትቀበያቸው። ኪኒን ሸክም አያራግፍም።

አማትሽን መጦርሽ ያስመሰግንሻል። ነገር ግን እናትነታቸው ለባለቤትሽ ነው። ሌሎች ልጆች የሏቸውም? እህት፣ ወንድም፣ የእህት ልጅ? በሽተኛ ሰው አልጋ ላይ ማገላበጥ ወገብ ይሰብራል፤ ለሁለት የሚሠራ ሥራ ነው። እኔ ብሆን የማደርገውን ልንገርሽ። የባለቤቴን ወንድሞችና እህቶች አንድ እሁድ ምሳ እጠራለሁ። እዚያው «ማን በየትኛው ቀን ይመጣል? መምጣት ያልቻለ ለረዳት ስንት ያወጣል?» እላለሁ። አፍሬ ወደ ጓዳ አልገባም። የሌሊቱን ተራ ደግሞ ባለቤቴ ይይዛል። እንቅልፍ ሳይመለስልሽ ምንም ነገር አይስተካከልም፤ ከሁሉ በፊት የምታስመልሺው እሱን ነው።

ማኅበርና እድር መቅረትሽን ግን አልወደድኩትም። ጭንቀት ብቻዋን ያገኘቻትን ሴት ትበረታባታለች። ማኅበሩ ላይ ከበር አጠገብ ተቀመጪ፤ ሲሞቅሽ ወጥተሽ ተመለሺ። አንዷን የምታምኛትን «እኔ ዕድሜዬ ደርሶ ይሞቀኛል፣ አንቺስ?» በያት። የምትመልስልሽን ታያለሽ። በተቀረ ግን ከሸክምሽ መሃል የምትተይውን አንድ ነገር ምረጪ። የግድ ያልሆነ ነገር ይኖራል፤ በዓል በመጣ ቁጥር ሦስት ዓይነት ወጥ መሥራትም ቢሆን።

ማታ ማታ በጣና ዳር ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብለሽ ተራመጂ። ልጅሽም አብራሽ ትሂድ፤ ለእሷም ከደብተር ዕረፍት ነው። መራመድ ሙቀቱን በቀጥታ ያጠፋል አልልሽም። እንቅልፍን፣ ስሜትንና አጥንትን ግን ይረዳል። አጥንት ስል፣ ካረጥሽ በኋላ ባሉት ከአምስት እስከ ሰባት ዓመታት አንዲት ሴት እስከ 20 በመቶ የአጥንት ጥንካሬዋን ልታጣ ትችላለች። ወተት፣ እርጎ፣ ጎመን፣ ሰሊጥ፣ የጤፍ እንጀራ አይለዩሽ። ጠዋት ፀሐይም ያግኝሽ።

ድብርቱ ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ከተቀመጠ፣ ምንም ነገር ደስ ካላሰኘሽ፣ ወይም «ባልኖርስ» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ያኔውኑ ሰው ይዘሽ ሐኪም ቤት ሂጂ። ይህ የመሸጋገሪያ ጊዜ ድባቴ የሚበረታበት ነው። ድክመት አይደለም፣ ኃጢአትም አይደለም።

ለባለቤትሽ ምን ትበዪው? ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በንዴት ላይ ሆነሽ አትንገሪው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ልጆቹ ሳይኖሩ ይሁን። እንዲህ በይው፦ «የወር አበባዬ ሊቆም ነው። ዕድሜዬ ደርሷል። ሰውነቴ በድንገት ይግላል፣ እንቅልፍ ይነሳኛል፣ ያስቆጣኛል። አንተን ጠልቼ አይደለም። ብቻዬን አልቻልኩትም።» ይህን ያህል ይበቃል። ከዚያ ዝም በይና እሱ ይናገር። ምናልባት ሳሎን የሄደው አንቺ የገፋሽው መስሎት ይሆናል። ብዙ ወንድ ብርድ ልብሱ ሲገፈፍ «እኔን ጠላችኝ» ነው የሚለው፤ ማን ነግሮት ያውቃል? ሐኪም ጋ አብሮሽ እንዲሄድም ጠይቂው። ከነጭ ጋውን አፍ ሲሰማው የሚያምን ባል ብዙ አይቻለሁ።

ሌላም በመካከላችሁ ያለ ነገር አለ፤ አልጻፍሽውም፣ ግን ላነሳው ነው። ኢስትሮጅን ሲቀንስ የብልት ድርቀት ይመጣል። ግንኙነት ያማል፤ ሽንት ያቃጥላል፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ይደጋገማል። ሴት ታዝናለች፣ ባልም ይሸሻል። ፋርማሲ ከውሃ የተሠራ ማለስለሻ ይሸጣል። ሐኪም ደግሞ እዚያው ቦታ ብቻ የሚሠራ የኢስትሮጅን ክሬም ሊያዝልሽ ይችላል። በሳሙና ውስጡን መታጠብ ድርቀቱን ያብሰዋል፤ ተይው። የሚያፍር ሰው ብዙ ይሠቃያል።

ለልጅሽም ንገሪያት። ለሽሮው ይቅርታ ጠይቂያት፣ ከዚያ ምን እንደሆንሽ ግለጪላት። 12ኛ ክፍል ባዮሎጂ የምትማር ልጅ ናት፤ ቶሎ ይገባታል። አንድ ቀን እሷም እዚህ ትደርሳለች፤ ያኔ የእናቷን ቃል ታስታውሳለች።

ስለ መድኃኒቱ ልጨርስ። ለሙቀቱ ከሁሉ የሚበረታው የሆርሞን ሕክምና፣ የጎደለውን ኢስትሮጅን የሚተካው፣ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አንድ ትልቅ ጥናት የጡት ካንሰርና የደም መርጋት ስጋትን እንደሚጨምር ሲናገር ሁሉም ፈራው። በኋላ መረጃው እንደገና ሲታይ፣ በጥናቱ የነበሩት ሴቶች አማካይ ዕድሜ 63 ዓመት ነበር። ዛሬ ሐኪሞች የሚሉት፣ ከ60 ዓመት በታች ላለች ወይም ካረጠች አሥር ዓመት ላልሞላት ጤነኛና ሙቀቱ ለበረታባት ሴት ጥቅሙ ከጉዳቱ ያመዝናል ነው። ለሁሉም ግን አይደለም። የጡት ካንሰር ያለባት ወይም የነበረባት፣ ስትሮክ ወይም የልብ ሕመም ያጋጠማት፣ ደም የረጋባት፣ ጉበቷ የታመመ፣ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ደም የሚፈሳት ሴት አትወስደውም። የወር አበባሽ መብዛት አስቀድሞ መታየት ያለበትም ለዚህ ነው። ማህፀን ያላት ሴት ደግሞ ኢስትሮጅንን ብቻውን አትወስድም። ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሌላው የሴት ሆርሞን አብሮ ካልተሰጣት የማህፀን ግድግዳ ይወፍርና ለካንሰር ያጋልጣታል። ስለዚህ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ይህ ነው የሚወስዱት» ብሎ ያመጣልሽን እንዳትዋጪ። በየፋርማሲው የማይገኝ መሆኑን አውቃለሁ። የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ሪፈር እንዲጽፉልሽ ጠይቂ።

ሆርሞን የማይስማማት ወይም የማታገኝ ሴትም ባዶ እጇን አትቀርም። ለድባቴ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች፣ ለምሳሌ ቬንላፋክሲን፣ በአነስተኛ መጠን ሙቀቱን ይቀንሳሉ። ጋባፔንቲን የሌሊቱ ለሚብስባት ይረዳል። ሐኪም ከነዚህ አንዱን ቢያዝልሽ «የእብድ መድኃኒት ሰጠኝ» ብለሽ እንዳትጥዪው። የንግግር ሕክምናም አለ። ሙቀቱ ሲመጣ ስለ ራስሽ የምታስቢውንና የእንቅልፍ ልማድሽን ከባለሙያ ጋር የምታስተካክዪበት ነው። በጥናት የተረጋገጠ ጥቅም አለው።

ነገ ጠዋት ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት ጤና ጣቢያ ድረሺ። እሁድ ከባለቤትሽ ጋር ተነጋገሪ። ከዚያ ጻፊልኝ። ግፊትሽ ስንት እንደሆነ ቁጥሩን፣ የደም ማነሱን ውጤት፣ እሱም የመለሰልሽን ቃል ሳታስቀሪ ጻፊልኝ። እጠብቃለሁ።